የዕፅዋት ውህድን ለኢንዶሜትሪዮሲስ ሕክምና በእንስሳት ላይ መፈተሽ፦ ከጥያቄው እስከ ትንተናው

ራሎክሲፊን የተባለው መድኃኒት በእንስሳት ላይ ሲሞከር የኢንዶሜትሪዮሲስን፣ ማለትም የማህፀን ሽፋን መሰል ህብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጪ የሚበቅልበትን በሽታ፣ ቁስለት አሳንሶ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው የሴቶች ሙከራ ግን ከታቀደለት ጊዜ በፊት ተቋረጠ፤ መድኃኒቱን በወሰዱት ሴቶች ላይ ሕመሙ ባዶ ክኒን ከወሰዱት ፈጥኖ ተመልሷልና። የብግነት ፕሮቲን የሆነውን ቲ.ኤን.ኤፍ ማገድም በዝንጀሮዎች ላይ ተስፋ ሰጥቶ ነበር። ይህንኑ ፕሮቲን የሚያግደው ኢንፍሊክሲማብ ጥልቅ ኢንዶሜትሪዮሲስ ላለባቸው ሴቶች ሲሰጥ ግን ሕመሙን ከባዶ መድኃኒት የተሻለ አላስታገሠም።

ወደ ዕፅዋት ውህዶች ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። ከርኩሚን፣ ሬስቬራትሮል፣ ጄኒስታይን፣ ኩዌርሴቲን፣ በአረንጓዴ ሻይ ውስጥ የሚገኘው ኢ.ጂ.ሲ.ጂ፣ ሁሉም በአይጥ ላይ ቁስለት አሳነሱ ተብሎ ተጽፎላቸዋል። ከእነዚህ አንዱም የበሽታው መደበኛ ሕክምና አልሆነም። ስለዚህ እዚህ የማቀርበው የሙከራ አሠራር አንድ ዓላማ አለው፤ ውህዱ የማይሠራ ከሆነ ያ በግልጽ እንዲታይ ማድረግ። አይጥ ላይ ቁስለት ማሳነስ ብዙ ነገር ይችላል። ተፈትኖ የመውደቅ ዕድል የነበረው ውህድ ሲያልፍ ነው ውጤቱ ክብደት የሚኖረው።

በሽታው ከማህፀን የውስጥ ሽፋን ጋር የሚመሳሰል ህብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጪ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሆድ ዕቃ ሽፋንና በኦቫሪ ላይ ሲበቅል የሚከሰት ነው። በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ የሚሆኑትን እንደሚይዝ ይገመታል። ህብረ ሕዋሱ በኢስትሮጅን ያድጋል፤ ብግነት ይቀሰቅሳል፤ አዳዲስ የደም ሥሮችንና ነርቮችን ይስባል። ከዚህ በኋላ ቁስለት የምለው ይህንኑ ነው። ትንሿ አይጥ ስል ከ20 እስከ 30 ግራም የምትመዝነውን፣ ትልቋ አይጥ ስል ደግሞ 200 ግራምና ከዚያ በላይ የምትመዝነውን የላብራቶሪ ዝርያ ማለቴ ነው።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

«ውህዱ ለኢንዶሜትሪዮሲስ ይጠቅማል ወይ?» የሚለው ለሙከራ የሚሆን ጥያቄ አይደለም። «ውህዱ በዚህ መጠን፣ በአፍ፣ ለ4 ሳምንታት ሲሰጥ አስቀድሞ ሥር የሰደደን ቁስለት በትልቋ አይጥ ላይ ያሳንሳል ወይ?» የሚለው ግን ይሆናል። እዚህ ላይ «አስቀድሞ ሥር የሰደደ» የሚለውን ሐረግ አስምሩበት። በርካታ ጥናቶች ውህዱን መስጠት የሚጀምሩት ህብረ ሕዋሱ በተተከለበት ቀን ወይም በማግስቱ ነው። ይህ የሚለካው ውህዱ ህብረ ሕዋሱ እንዳይጣበቅ መከላከሉን ነው። ሐኪም ዘንድ የምትቀርበው ሴት ግን ቁስለቱ ለዓመታት አብሯት የኖረ ናት። ሕክምናን እንፈትናለን ካላችሁ ቁስለቱ ተተክሎ፣ ደም ሥር አብቅሎ መቀመጡ ከተረጋገጠ በኋላ ጀምሩ፤ ለዚህ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይበቃል።

ዋናው መለኪያችሁ አንድ ብቻ ይሁን። የቀሩት ሁሉ ደጋፊ ናቸው። ይህንን ከሙከራው በፊት ቀን ባለው ሰነድ ላይ አስፍሩት፤ ቢቻል የእንስሳት ጥናቶች አስቀድመው በሚመዘገቡበት መዝገብ አስመዝግቡት።

ደረጃ 2፦ ውህዱን በሚገባ እወቁት

ከተክል የተነሣችሁ እንደሆነ የተክሉን ናሙና በባለሙያ አስለይታችሁ በዕፅዋት ቤተ መዘክር በቁጥር አስቀምጡ። ያለዚያ ከዓመታት በኋላ ማንም፣ እናንተም ጭምር፣ የተፈተነው ተክል የትኛው እንደነበረ ማረጋገጥ አትችሉም። ንጹሕ ውህድ የገዛችሁ እንደሆነ የሻጩን ወረቀት ብቻ አትመኑ። ማንነቱን በኑክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ፣ ንጽሕናውን በፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ራሳችሁ አረጋግጡ፤ ከ95 በመቶ በታች ከሆነ ለዚህ ሥራ አይበቃም። ምርቱ የወጣበትን የምድብ ቁጥርም መዝግቡ። የተክል ጭማቂን ከንጹሕ ውህድ ጋር በአንድ ስም መጥራት ደግሞ በዚህ መስክ የተለመደ ጥፋት ነው፤ ጭማቂ በመቶ የሚቆጠሩ ነገሮች ድብልቅ ነው።

ሦስት ነገሮችን ለይታችሁ መርምሩ። የመጀመሪያው ውህዱ ራሱ እንደ ኢስትሮጅን ይሠራ እንደሆነ ነው። ጄኒስታይን የኢስትሮጅን ተቀባይ ላይ ይቀመጣል፤ የሬስቬራትሮል ቅርጽም ዳይኢቲልስቲልቤስትሮል ከሚባለው ሰው ሠራሽ ኢስትሮጅን ጋር ይቀራረባል። በኢስትሮጅን ለሚያድግ በሽታ ኢስትሮጅን መሰል ነገር መስጠት ምን ሊያስከትል እንደሚችል ግልጽ ነው። ለዚህ ቀላሉ ፈተና የማህፀን ክብደት ምርመራ ነው፤ ኦቫሪያቸው የወጣላቸው እንስሳት ውህዱን ለጥቂት ቀናት ወስደው ማህፀናቸው ከበደ ወይ ተብሎ ይታያል።

ሁለተኛው ውህዱ ማታለሉ ነው። ከርኩሚን በዚህ የታወቀ ነው። ያበራል፣ ቶሎ ይበታተናል፣ ከብዙ ፕሮቲኖች ጋር ያለ ልዩነት ይያያዛል፤ በብልቃጥ ውስጥ ምርመራ ላይ የማይሠራበት በሽታ ያለ አይመስልም።

ሦስተኛው የብዛት ጉዳይ ነው። ሕዋሳት ላይ 50 ማይክሮሞላር ሲጨመር የታየ ውጤት በደም ውስጥ ከዚያ በመቶዎች ጊዜ ያነሰ ብቻ ለሚገኝ ውህድ ማስረጃ አይሆንም።

ውህዱ በመርፌ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ የባክቴሪያ ኢንዶቶክሲን ቅሪት እንደሌለበት አስመርምሩ። ኢንዶቶክሲን በራሱ ብግነት ስለሚያስነሣ ውጤቱን ከሥሩ ያበላሸዋል።

ደረጃ 3፦ የእንስሳ ሞዴል ምረጡ

አይጦች የወር አበባ አያዩም። በተፈጥሮ ይህ በሽታ የሚይዛቸው የወር አበባ የሚያዩ እንደ ዝንጀሮ ያሉ ፕራይሜቶች ናቸው፤ እነሱ ላይ መሥራት ግን ውድም፣ በሥነ ምግባር ረገድ ከባድም ነው። ስለዚህ በአይጥ ላይ በሽታውን የምንፈጥረው እኛው ነን፤ የተፈጠረውም የበሽታው አምሳያ እንጂ ራሱ በሽታው አይደለም።

በትልቋ አይጥ የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1985 የተገለጸው ዘዴ ነው። ከእንስሳዋ ማህፀን ቁራጭ ተወስዶ በዚያችው እንስሳ የአንጀት ማንጠልጠያ የደም ሥሮች ላይ ይሰፋል። ቁስለቱ የት እንዳለ ስለሚታወቅ መለካት ይቀላል። በትንሿ አይጥ ደግሞ የለጋሽ አይጥ ማህፀን ተከትፎ በፈሳሽ ወደ ተቀባይዋ ሆድ ይረጫል። ይህ ወደ ተፈጥሮው የቀረበ ነው፤ ሆኖም ቁስለቶቹ በየቦታው ስለሚበተኑ ፍለጋው አድካሚ ነው፤ ያልተገኘ ቁስለትም እንደዳነ ሊቆጠር ይችላል። የሰው ህብረ ሕዋስ በሽታ የመከላከል አቅም በሌላቸው አይጦች ላይ የሚተከልበት ሦስተኛ መንገድም አለ። ውህዳችሁ በበሽታ መከላከያ ሥርዓት በኩል የሚሠራ ከሆነ ግን ያንን ሥርዓት ባጣ እንስሳ ላይ መፈተኑ ከንቱ ድካም ነው።

ኦቫሪውን ማውጣት ወይስ መተው? አውጥቶ ቋሚ ኢስትሮጅን መስጠት የሆርሞን መዋዠቅን ያስወግዳል። ችግሩ ኦቫሪን በማዳከም የሚሠራ ውህድ በዚህ ሙከራ የማይሠራ መስሎ መውጣቱ ነው። የእኔ ምርጫ መጀመሪያ ኦቫሪያቸው ባልተነካ እንስሳት መሥራት፣ ውጤት ከተገኘ ደግሞ በሁለተኛ ሙከራ ኦቫሪ አውጥቶ ኢስትሮጅን በመተካት ውህዱ በየትኛው በኩል እንደሚሠራ መለየት ነው።

ደረጃ 4፦ ፈቃድ፣ መኖሪያና መኖ

የእንስሳት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሳይገኝ አንድም አይጥ አይነካም። ራስልና በርች እ.ኤ.አ. በ1959 ያስቀመጧቸው ሦስት መርሆዎች፣ ማለትም በሌላ ዘዴ መተካት፣ ቁጥር መቀነስና ሥቃይ ማቅለል፣ ዛሬም የማመልከቻው አከርካሪ ናቸው። እንስሳዋ ምን ምልክት ስታሳይ ከሙከራው ወጥታ ያለ ሥቃይ እንድታርፍ እንደሚደረግ በቁጥር ጻፉ፤ ለምሳሌ ከክብደቷ 20 በመቶ ስታጣ።

መኖውን ብዙዎች ይረሱታል። የተለመደው የአይጥ መኖ አኩሪ አተር አለበት፤ አኩሪ አተር ደግሞ ጄኒስታይንና ዳይድዜይን የተባሉ ኢስትሮጅን መሰል ውህዶችን ይዟል። ጄኒስታይንን የምትፈትኑ ሆናችሁ ማነጻጸሪያው ቡድን በየቀኑ ጄኒስታይን እየበላ ከሆነ ምን እየለካችሁ ነው? ከእነዚህ ውህዶች ነጻ የሆነ መኖ እዘዙ። ጎጆውም ቢሆን ያሳስታል። ያረጁና በኃይለኛ ሳሙና የተጎዱ የፖሊካርቦኔት ጎጆዎች ቢስፌኖል ኤ የተባለውን ኢስትሮጅን መሰል ኬሚካል ያንጠባጥባሉ፤ ይህ በ1990ዎቹ መጨረሻ የታወቀው በአንድ ላብራቶሪ የነበሩ አይጦች እንቁላል በድንገት መዛባት በመጀመሩ ነው።

ዑደትን የሚያስተካክል ሌላ ብልሃትም አለ። የትንሿ አይጥ ዝርያ ሴቶች ወንድ በሌለበት ተጨናንቀው ሲኖሩ የመራቢያ ዑደታቸው ይዘገያል ወይም ይቆማል። ከወንድ አይጥ ጎጆ የወጣ ያገለገለ ጉዝጓዝ ሲገባላቸው አብዛኞቹ በሦስተኛው ቀን ገደማ ወደ ሙቀት፣ ማለትም ወንድ ወደሚቀበሉበት ጊዜ፣ ይገባሉ። ዑደቱን በአንድ ጊዜ ለማስጀመር ይህን ተጠቀሙበት።

ዑደቱ ከ4 እስከ 5 ቀን ይወስዳል፤ የሚታወቀውም በማይክሮስኮፕ ነው። በጥቂት የጨው ውኃ ከብልት የተጠለቀው ፈሳሽ ብርጭቆ ላይ ይደረጋል። ክብ፣ ኒውክለስ ያላቸው ሕዋሳት ከበዙ ሙቀቱ እየቀረበ ነው። የተቆራረጠ ቅርፊት የሚመስሉ፣ ኒውክለስ አልባ ሕዋሳት ካየን በሙቀት ላይ ናት። ነጭ የደም ሕዋሳት ሲሞሉት ዕረፍት ላይ ነች። ይህንን በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት አድርጉ።

ደረጃ 5፦ መጠንና የአሰጣጥ መንገድ

በሆድ ዕቃ ውስጥ በመርፌ መስጠት ቀላል ስለሆነ ብዙዎች ይመርጡታል። እኔ አልመክረውም። ቁስለቱ ያለው እዚያው ሆድ ዕቃ ውስጥ ነውና ውህዱ በደም ዞሮ ሳይሆን በቀጥታ እላዩ ላይ ይፈስበታል። እንዲህ የተገኘ ውጤት ክኒን ለምትውጥ ሴት የሚነግረው ጥቂት ነው። በአፍ፣ በቀጭን ቱቦ እስከ ጨጓራ አድርሱት፤ ፈሳሹ በኪሎ ክብደት ከ10 ሚሊ ሊትር አይብለጥ። ማሟሚያውም ይታሰብበት። ዲ.ኤም.ኤስ.ኦ. የተባለው የተለመደ ማሟሚያ በራሱ ብግነት ይቀንሳል፤ 0.5 በመቶ የካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ ውኃ ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው።

ከዋናው ሙከራ በፊት በጥቂት እንስሳት ላይ ሁለት ነገር እዩ። አንዱ የትኛው መጠን ክብደት ሳያስቀንስ፣ ጉበት ሳይጎዳ እንደሚቻል ነው። ኢ.ጂ.ሲ.ጂ በከፍተኛ መጠን ጉበት ስለሚጎዳ «ከተክል ነው» የሚለው መተማመኛ አይሆንም። ሌላው ውህዱ ከተሰጠ በኋላ በ30 ደቂቃ፣ በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8 እና በ24 ሰዓት በደም ውስጥ ምን ያህል እንደሚገኝ ነው። ሬስቬራትሮል በጉበትና በአንጀት በፍጥነት ተለውጦ ይጠፋል፤ ከርኩሚን ከአንጀት የሚሰርገው እጅግ ጥቂት ነው። በደም ውስጥ የማይገኝን ውህድ ለ4 ሳምንታት ከመስጠት የሁለት ቀን ምርመራ ይሻላል።

የተመረጠው መጠን ለሰው ሲቀየር ምን እንደሚሆንም አስሉ። የትንሿን አይጥ መጠን ለ12.3፣ የትልቋን ለ6.2 አካፍሉ። ትንሿ አይጥ በኪሎ 100 ሚሊ ግራም ከወሰደች ለሰው በኪሎ 8.1 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ 60 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 490 ሚሊ ግራም ያህል ይሆናል። ስሌቱ በቀን ግማሽ ኪሎ ዱቄት መዋጥ የሚጠይቅ ሆኖ ከወጣ መጠኑን ከአሁኑ ቀንሱ።

ደረጃ 6፦ ቡድኖችና ቁጥራቸው

ቢያንስ እነዚህ ያስፈልጋሉ፦ ማሟሚያውን ብቻ የሚወስድ ቡድን፤ ሁለት ወይም ሦስት የውህዱ መጠኖች፤ እንደ ሌትሮዞል ወይም ዲኤኖጄስት ያለ በሽታውን እንደሚያሳንስ የታወቀ መድኃኒት የሚወስድ ቡድን፤ እንዲሁም በማህፀን ምትክ የስብ ቁራጭ የተሰፋለት ቡድን። የስፌት ክር ብቻውን ብግነት ስለሚፈጥር የመጨረሻው ቡድን ቅንጦት አይደለም። የታወቀው መድኃኒት ቁስለቱን ካላሳነሰ ሙከራው ስለ ውህዳችሁ ምንም ሊነግራችሁ አይችልም። ለዚህ ቡድን ኢላጎሊክስ የተባለውን የኢንዶሜትሪዮሲስ መድኃኒት አትምረጡ፤ የሰው የሆርሞን ተቀባይ ላይ በደንብ የሚይዘው ይህ መድኃኒት የአይጦቹ ላይ እምብዛም አይዝም።

ለቁጥሩ ፈጣን ስሌት አለ። ልታዩ የምትፈልጉትን ልዩነት ለመደበኛ ልይይት (ልኬቶቹ ከአማካያቸው ለሚርቁበት መጠን) አካፍሉ፤ የተገኘውን በራሱ አባዙ፤ 16ን በዚያ አካፍሉ። ማነጻጸሪያው ቡድን በአማካይ 40 ሚሊ ሜትር ኩብ፣ ልይይቱ 15 ቢሆንና ቁስለቱ በግማሽ መቀነሱን ማየት ብትፈልጉ 20 ሲካፈል ለ15 ማለትም 1.33 ነው፤ በቡድን 9 እንስሳት ይመጣል። ለሚሞቱና ለሚወጡ ሲጨመር 11። ቡድኖቹ ብዙ ከሆኑ ከዚህም ይበልጣል፤ የስታቲስቲክስ ባለሙያ የሚማከረው በዚህ ጊዜ እንጂ ቁጥሩ ከተሰበሰበ በኋላ አይደለም።

ደረጃ 7፦ ቀዶ ሕክምናው

ዱቄት የሌለው ጓንት አድርጉ። የጓንት ዱቄት ሆድ ዕቃ ውስጥ ሲገባ አንጀትን ከአንጀት ያጣብቃል፤ በኋላ ስትከፍቱት የበሽታው መጣበቅ ይሁን የዱቄቱ አይለይም። እንስሳዋ በአይሶፍሉሬን ሰመመን ውስጥ ትግባ፤ ከሥርዋ ሙቀት ይኑር፤ ዓይኗ እንዳይደርቅ ቅባት ይደረግ። ከአይጥ ማህፀን ሁለት ቅርንጫፎች (ቀንዶች) አንደኛው ሁለት ጫፉ ታስሮ ይወጣና በሞቀ ንጹሕ የጨው ውኃ ውስጥ ይቀመጣል። በርዝመቱ ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይዘረጋል፤ በ5 በ5 ሚሊ ሜትር ይቆረጣል። ቁራጮቹ ሁሉ እኩል መሆናቸውን በማስመሪያ አረጋግጡ። ውስጠኛው ገጽ ወደየት እንደሚዞር አስቀድማችሁ ወስኑ፤ በሁሉም እንስሳት አንድ ይሁን። የተጋለጠው አንጀት በየጊዜው በሞቀ የጨው ውኃ ይርጠብ፤ ከደረቀ ይጣበቃል። ከማህፀኑ መውጣት እስከ ስፌቱ የወሰደውን ደቂቃም መዝግቡ፤ የመጀመሪያዋና የመጨረሻዋ እንስሳ ልዩነት አንዳንዴ የሚመጣው ከቀዶ ጥገና ሠሪው ድካም ነው።

የሕመም ማስታገሻ ግዴታ ነው። እዚህ ላይ አንድ ውስብስብ ነገር አለ፤ እንደ ሜሎክሲካም ያሉ ፀረ ብግነት ማስታገሻዎች ቁስለቱን ራሱን ሊነኩት ይችላሉ። መፍትሔው ማስታገሻ መንፈግ ሳይሆን እንደ ቡፕሬኖርፊን ያለውን በእንስሳት ሐኪሙ ትእዛዝ ለሁሉም ቡድን እኩል መስጠት ነው።

ደረጃ 8፦ ዕጣና ሕክምና

ከ3 እስከ 4 ሳምንት በኋላ ቁስለቶቹ በአነስተኛ ቀዶ ጥገና ወይም በአልትራሳውንድ ይለኩ። ከዚያ በኋላ ብቻ፣ በቁስለት መጠን ተመድበው፣ እንስሳቱ በኮምፒውተር ዕጣ ወደ ቡድን ይግቡ። በእጅ እያነሡ መደልደል ዕጣ አይደለም፤ ቶሎ የምትያዘው አይጥ ከምታመልጠው ትለያለችና። ጠርሙሶቹን በኮድ የሚያዘጋጅ ሰው፣ ከሚሰጠውና ከሚለካው ሰው የተለየ ይሁን። ውህዱ ቀለም ካለው ማሟሚያውም እንዲመስለው ማድረግ ይገባል፤ ቢጫ ጠርሙስ ከርኩሚን መሆኑን ለማወቅ ኮድ መፍታት አያሻም።

ደረጃ 9፦ መለካት

ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በዲጂታል ካሊፐር ተለክተው ይባዛሉ፤ ውጤቱ በ0.52 ሲባዛ መጠኑ ይገኛል። 5 በ4 በ3 ሚሊ ሜትር የሆነ ቁስለት 31 ሚሊ ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ሆኖም የትልቋ አይጥ ቁስለት ብዙ ጊዜ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ነው። ፈሳሹ ቀንሶ ህብረ ሕዋሱ እንዳለ ቢሆን ካሊፐሩ «ዳነ» ይላል። ስለዚህ ፈሳሹን አፍስሳችሁ መዝኑት፤ ከዚያ በፎርማሊን አቆይታችሁ ቀጭን ቁራጭ አሠሩ። እጢና ደጋፊ ህብረ ሕዋስ ሁለቱም ካልታዩ ቁስለት ብሎ መጥራት አይቻልም። የሕዋስ መባዛትን በኪ-67፣ የደም ሥሮችን በሲዲ31፣ ጠባሳን በማሶን ቀለም እዩ፤ ሆዱን በተወሰነ መጠን ፈሳሽ አጥባችሁ የብግነት ምልክት የሆነውን ኢንተርሊውኪን-6ን ለኩ።

በቦታው የቀረውን ማህፀን መመዘን አትርሱ። ቁስለቱም ማህፀኑም እኩል ከሰሙ ውህዱ ኢስትሮጅንን አጥፍቶ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ የሚያደርጉ መድኃኒቶች ደግሞ አሉን። ዋናውን ኢስትሮጅን ኢስትራዲዮልን በማስ ስፔክትሮሜትሪ አስለኩ፤ የተለመዱት የፀረ እንግዳ አካል ኪቶች በአይጥ ዝቅተኛ መጠን ላይ አይታመኑም።

ሕመምንም ለኩ። ሴቲቱን ሐኪም ቤት የሚያመጣት የቁስለቱ ስፋት አይደለም፤ የቁስለት መጠንና የሕመም ብርታት በሴቶች ላይ እምብዛም አይገናኙም። ከቀዶ ጥገናው በፊት ጀምራችሁ ሆዷ በቀጫጭን የናይለን ክሮች ሲነካ የምታሳየውን ምላሽና የፊቷን ገጽታ መዝግቡ።

ደረጃ 10፦ ትንተናና ከዚያ በኋላ

በአንዲት አይጥ ላይ 4 ቁስለት ካለ ናሙናው 4 ሳይሆን 1 ነው። 10 እንስሳትን 40 አድርጎ መቁጠር የሐሰት ትርጉም ያለው ውጤት ይፈለፍላል። የየእንስሳዋን አማካይ ተጠቀሙ፤ አሊያም እንስሳዋንና ጎጆዋን የሚያስገባ ድብልቅ ሞዴል የተባለ የስታቲስቲክስ ስሌት። ሙሉ በሙሉ የጠፋ ቁስለት ዜሮ ነው፤ «መረጃ የለም» ተብሎ ከተጣለ በጣም የሠራው መጠን ደካማ መስሎ ይወጣል። ኮዱ የሚፈታው ትንተናው ካለቀ በኋላ ነው። ሪፖርቱ እ.ኤ.አ. በ2020 የተሻሻለውን የአራይቭ መመሪያ፣ ማለትም የእንስሳት ጥናት ዘገባ መመሪያ፣ ይከተል፤ ውጤት ያላሳየውም ሙከራ ይታተም።

ውህዱ ይህን ሁሉ ካለፈ፣ የተወሰኑ እንስሳትን ሕክምናው ካቆመ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት አቆዩ። ቁስለቱ ተመልሶ ያድጋል ወይ? ዑደታቸው ይመለሳል ወይ? ከወንድ ጋር ሲገናኙ ያረግዛሉ፣ ግልገሎቹስ ጤነኞች ናቸው ወይ? ከዚያ በሌላ ሞዴል፣ ቢቻል በሌላ ላብራቶሪ፣ በሌላ የምድብ ቁጥር በተመረተ ውህድ ይደገም። ከየቁስለቱ ግማሹ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ይቀመጥ፤ ገምጋሚ የሚጠይቀው ምርመራ ሁልጊዜ አንድ ይጎድላል።